ሴቶችና የኮምፒዩተር ጥገና ሥራ

ኮምፒዩተር የመሥሪያ ቤት ዕቃ ብቻ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ዛሬ በብዙ የከተማ ቤተሰብ ዘንድ የልጆች የትምህርት ማስታወሻ፣ የሠርግና የክርስትና ፎቶግራፍ፣ የዕቁብ መዝገብ፣ የአነስተኛ ንግድ ሒሳብ፣ የሥራ ማመልከቻና የትምህርት ማስረጃ ቅጂ ሁሉ በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ተጠቃሎ በሳሎን ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ይህ ዕቃ አንድ ቀን አልነሣም ሲል ቤተሰቡ የሚያጣው ብረትና ፕላስቲክ ብቻ አይደለም። በዚህም ምክንያት የኮምፒዩተር ጥገና ሱቅ ከልብስ ሰፊውና ከጫማ አዳሹ ጎን ተፈላጊ የሰፈር አገልግሎት ሆኗል። ሥራው በአነስተኛ ገንዘብ የሚጀመር፣ በጠባብ ክፍል የሚካሄድና ከመኖሪያ ቤት ሳይርቁ ሊሠራ የሚችል በመሆኑ ልጆች ለምታሳድግ እናት አመቺ ነው። ሆኖም አንድ አስቸጋሪ ጠባይ አለው፤ ባለሙያዋ ዛሬ የተማረችው ከጥቂት ዓመታት በኋላ አይበቃትም። እንዲያውም የትናንቱን ዕውቀት ብቻ ይዛ ብትሠራ የሰው ንብረት ልታጠፋ ትችላለች። እንዴት እንደሆነ ከዚህ በታች እናየዋለን።

በመጀመሪያ ግን ይህ የወንድ ሥራ ነው ስለሚለው አስተሳሰብ ጥቂት እንበል። አንዲት ሴት ካቻቢቴ ይዛ የኮምፒዩተር ሆድ ዕቃ ስትፈታ ያየ ደንበኛ «ባለሙያው የት ሄደ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያስገርም አይደለም። የሙያው ታሪክ የሚናገረው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ በፊላዴልፊያ ከተማ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ የተባለው ኮምፒዩተር 30 ቶን ያህል የሚመዝን፣ ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ እንደ አምፖል ያሉ የቫኪዩም ቱቦዎች የተሰካኩበት ግዙፍ ማሽን ነበር። ይህን ማሽን ለስሌት ሥራ ያሰናዱት ስድስት ሴቶች ናቸው። አሠራሩን ከንድፉ ላይ ያጠኑት እነዚህ ሴቶች፣ ማሽኑ ሲሳሳት ጥፋቱ በየትኛው ቱቦ ላይ እንዳለ እስከ መለየት ደርሰው እንደነበር ከመካከላቸው አንዷ ቤቲ ጂን ጄኒንግስ በኋላ ተናግራለች። ማሽኑ ለሕዝብ በታየ ጊዜ ምስጋናው ለወንዶቹ መሐንዲሶች ሲሰጥ የሴቶቹ ድርሻ ተዘንግቶ ቀረ። ሥራቸው በሰፊው የታወቀው ከብዙ ዓሠርት ዓመታት በኋላ ነው። ብልሽት ፈልጎ ማግኘት ትዕግሥትና ጥንቃቄ እንጂ የክንድ ጉልበት አይጠይቅም።

ሙያውን በመደበኛነት ለመማር ለምትሻ በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪሲንግ በሚል መጠሪያ ሥልጠና ይሰጣል። ሠልጣኟ ትምህርቷን ስትጨርስ የሙያ ብቃት ምዘና ወስዳ የምስክር ወረቀት ታገኛለች፤ ከዚያም የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይነት መለያ ቁጥር ታወጣለች። መሣሪያው ብዙ አይደለም፤ የተለያየ ጫፍ ያላቸው ጥቃቅን ካቻቢቴዎች፣ ወረንጦ፣ ቴስተር፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ የመበየጃ መሣሪያ፣ ጥቂት ፍላሾችና ለሙከራ የሚያገለግሉ ራምና ቻርጀሮች ናቸው። የመነሻውን ገንዘብ ከዕቁብ ማግኘት ይቻላል። እስከዚህ ድረስ ያለው መንገድ ከሌላው አነስተኛ ሥራ ብዙም አይለይም።

ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ብዙው የከተማ ሰው ኢንተርኔትን የተዋወቀው በኢንተርኔት ካፌ ሲሆን፣ ካፌው ለጥገና ባለሙያ ሁነኛ ደንበኛ ነበር። ኪቦርዱ ይረግባል፣ ማራገቢያው በአቧራ ይታፈናል፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ፖወር ሳፕላዩ ይቃጠላል። ቀጥሎ የፍላሽ ዘመን መጣ። ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የሚዞረው ፍላሽ ቫይረስ እየጫነ ስለሚዞር የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ የነበረበት ፎልደር በድንገት ሾርትከት ይሆንና ባለቤቱ ዕንባው እየተናነቀው ይመጣ ነበር። ፋይሉ ግን አልጠፋም፤ ቫይረሱ ደብቆት ነው። ነገሩን የሚያውቅ ባለሙያ በአንድ መስመር ትእዛዝ ያወጣዋል። በዚህች ዕውቀት ብቻ የቤት ኪራዩን የከፈለ ሱቅ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ሁሉ ሥራ ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ። በ2007 ዓ.ም. አራተኛው ትውልድ የሞባይል ኢንተርኔት በአዲስ አበባ ተጀመረ። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር መጣ፤ በ2014 ዓ.ም. አምስተኛው ትውልድ አገልግሎት፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ሳፋሪኮም በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። ሰው ኢንተርኔቱን በእጁ ላይ ባለው ስልክ ሲያገኝ የካፌው ወንበር ባዶ ሆነ። ፋይሉን በፍላሽ ማመላለስ ትቶ በቴሌግራም መላክ ሲጀምርም የፍላሽ ቫይረስ ደንበኛ ቀነሰ። ከእነዚህ ለውጦች አንዱም በጥገና ሱቅ ጠረጴዛ ላይ የተነሣ አይደለም፤ ሁሉም ከሩቅ የመጡ ናቸው። የሱቁን ገቢ የወሰኑት ግን እነርሱ ናቸው። አስቀድማ ያየችው ባለሙያ ወደ ሌላ ሥራ፣ ለምሳሌ ለአነስተኛ መሥሪያ ቤቶች ዋይፋይ ወደ መዘርጋትና የወር የጥገና ውል ወደ መያዝ ተሻገረች። ያላየችው ባዶ ካፌዎችን እየጠበቀች ቀረች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። አሮጌው ሃርድ ዲስክ በውስጡ በደቂቃ 5 ሺህ 400 ወይም 7 ሺህ 200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለው። በስሕተት የተደለተ ፎቶግራፍ በሳህኑ ላይ ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ ብዙ ጊዜ ሊመለስ ይችላል፤ ጥገና ሱቆችም ይህን አገልግሎት ሲሰጡ ኖረዋል። ዛሬ በአብዛኞቹ አዳዲስ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው ኤስኤስዲ የተባለው ማከማቻ ግን የሚሽከረከር አካል የለውም። ፈጣን ነው፤ ስለ ዘገምተኛ ኮምፒዩተር ለምታማርር እናት ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መለወጥን የመሰለ መፍትሔ የለም። ይሁን እንጂ የተደለተውን ፋይል ቦታ ለአዲስ ሥራ ለማዘጋጀት ወዲያው ስለሚያጸዳው፣ የጠፋውን መልሶ ማግኘት በአብዛኛው አይቻልም። በሃርድ ዲስኩ ዘመን የተማረች ባለሙያ «አይዞሽ፣ አወጣዋለሁ» ብላ ቃል ብትገባ የማትፈጽመውን ተናገረች ማለት ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ዊንዶውስ 11 በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው እትሙ ደግሞ አዲስ ሲጫን፣ ባለቤቱ በማይክሮሶፍት አካውንት ከገባ፣ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ማከማቻውን በሙሉ ሳይጠየቅ በራሱ በምሥጢር ይቆልፈዋል። በተለመደው ጊዜ ይህ ለባለቤቱ አይታወቀውም፤ ኮምፒዩተሩ እንደ ወትሮው ይከፈታል። ማዘርቦርዱ የተለወጠ ወይም ከመነሻው ቅንብር አንዳንዱ የተነካካ ዕለት ግን ሰማያዊ ገጽ ይመጣና 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ የተቀመጠው በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። ችግሩ አካውንቱን ከዓመት በፊት የከፈተው ምናልባት ሻጩ ወይም የበኩር ልጅ ሊሆን መቻሉ ነው፤ የይለፍ ቃሉን የሚያስታውስ የለም። ቁልፉ ካልተገኘ መረጃውን ባለሙያዋም ሆነች ማይክሮሶፍት ራሱ ሊያወጡት አይችሉም። የአሥር ዓመት የቤተሰብ ፎቶግራፍ በዚያው ቀረ ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን የምታውቅ ባለሙያ አንድም ብሎን ከመፍታቷ በፊት ሁለት ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ኮምፒዩተሩ ተቆልፏል ወይ? ቁልፉስ የት ነው? ኮምፒዩተሩ ገና የሚነሣ ከሆነ ቁልፉን ከአካውንቱ አውጥታ፣ በወረቀት ጽፋ ለባለቤቷ ትሰጣለች። የማታውቀዋ ደግሞ በሙሉ ቅን ልቦና፣ ጥሩ አድርጋ እየጠገነች የሰው ንብረት ታጠፋለች። ለአንባቢዎቻችንም የምንለው ይህንኑ ነው፤ ዛሬ ኮምፒዩተሩ ደኅና እያለ ቁልፉን ከማይክሮሶፍት አካውንት ላይ ገልብጣችሁ ከልደት የምስክር ወረቀትና ከቤት ካርታ ጋር አስቀምጡት።

ታዲያ ልጅ የምታሳድግ፣ ማታ ቤቷ ገብታ እራት የምታሰናዳ ሴት ይህን ሁሉ አዲስ ነገር በምን ጊዜዋ ትከታተል? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ከፊሉ የቤተሰብ ነው። በሳምንት ሁለት ማታ ባልና ልጆች እራቱን ቢያሰናዱ፣ እርሷ አንድ አንድ ሰዓት ለማንበብ ብትቀመጥ ከቤቱ የሚጎድል ነገር አይኖርም፤ የሚጠናው ነገር የቤቱ እንጀራ ነውና። ከፊሉ መልስ ደግሞ መምረጥ ነው። በኢንተርኔት ቴክኖሎጂ ዙሪያ የሚወራው ሁሉ ለጥገና ሱቅ አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ2021 ፌስቡክ ኩባንያ ስሙን ሜታ ብሎ በለወጠ ጊዜ ሰው ሁሉ በቅርቡ በምናባዊ ዓለም ውስጥ ገብቶ ይገበያያል ተብሎ ብዙ ተጽፎ ነበር። ያን ወሬ ስትከታተል የከረመች ባለሙያ ያተረፈችው ነገር ያለ አይመስለንም። መለኪያው ቀላል ነው፤ ይህ ለውጥ በደንበኛዬ እጅ ተይዞ በሱቄ በር ይገባል ወይስ አይገባም?

በዚህ መለኪያ ሲታይ የዊንዶውስ 10 ነገር ትልቅ ዜና ነበር። አምራቹ ማይክሮሶፍት ለዚህ ሥርዓት የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለግል ተጠቃሚዎች የሚሆን የአንድ ዓመት የደኅንነት ማራዘሚያ እስከ ጥቅምት 2019 ዓ.ም. ቢያዘጋጅም ለዚህ መመዝገብ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ2017 በፊት የተሠሩ አብዛኞቹ ላፕቶፖች ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሻገር የሚጠየቀውን አያሟሉም። በየቤቱ ያለው ኮምፒዩተር ብዙው ያገለገለ ሆኖ የተገዛ በመሆኑ ጉዳዩ የሚነካው ብዙ ሰው ነው። አንዳንድ ነጋዴ ይህን አስታክኮ «አሮጌውን ጣዪው፣ አዲስ ግዢ» ይላል። ይህ ትክክል አይደለም። ለልጅ የቤት ሥራ፣ ለጽሕፈትና ኢንተርኔት ለማየት ለሚያገለግል ላፕቶፕ እንደ ሊኑክስ ሚንትና ኡቡንቱ ያሉ በነጻ የሚገኙ ሥርዓቶች አሉ፤ ኤስኤስዲ ተጨምሮበት ሥራው በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ይህን መጫን የምታውቅ ባለሙያ ለእናቲቱ የአዲስ ዕቃ ዋጋ አተረፈችላት፣ ለራሷም የእጇን ዋጋ አገኘች።

ስለ ዋጋ ካነሣን አይቀር የሱቁን ሒሳብ ጥቂት እንመልከት። መለዋወጫው ከውጭ የሚመጣ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ቀድሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በ2018 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ደግሞ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡት ግዙፍ የኮምፒዩተር ማዕከላት የዓለምን የራም ምርት በመሻማታቸው የራም ዋጋ ናረ። በአሜሪካ የሚገነባ ማዕከል መርካቶ ያለውን ዋጋ ይነካል ማለት ነው። በዚህ መካከል ብዙ ሱቆች የቆየ ልማድ አላቸው፤ የእጃቸውን ዋጋ በመለዋወጫው ዋጋ ውስጥ ደብቀው ይጠይቃሉ። መለዋወጫው ርካሽ በነበረ ጊዜ ይህ ያዋጣ ነበር። ዛሬ ግን ደንበኛዋ የዕቃውን ዋጋ በስልኳ አጣርታ ስለምትመጣ ተታለልኩ ትላለች። ስለዚህ የዕቃው ለብቻ፣ የእጅ ዋጋው ለብቻ በደረሰኝ ላይ ቢጻፍ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

መለዋወጫ አከማችቶ መቀመጥም በዚህ ንግድ አደጋ አለው። ጤፍና በርበሬ ቢቆዩ ዋጋ ይጨምሩ ይሆናል፤ የዲቪዲ ማጫወቻና የድሮ ዓይነት ራም ግን መደርደሪያ ላይ ሆነው ያረጃሉ። በአንጻሩ ጠጋኟን የሚጎዳ ሌላ ክምችት አለ፤ ይኸውም ተጠግኖ ባለቤቱ ያልወሰደው ዕቃ ነው። መለዋወጫው በእርሷ ገንዘብ ተገዝቷል፣ ደንበኛው «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ወር ይቆያል። ለዕቃ መግዣ ቅድሚያ ክፍያ መቀበልና የመውሰጃ ቀን በጽሑፍ መተማመን ይህን ችግር ያቀልለዋል። በሰፈር ውስጥ ሲኖሩ እንዲህ ያለውን ነገር መጠየቅ እንደሚያሳፍር እናውቃለን፤ ግን የዱቄት ወፍጮውስ ሳይከፈለው መቼ ይፈጫል?

በሱቁ ውስጥ ሕፃን ለምታውል እናት አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን። ለብየዳ የሚያገለግለው የተለመደው ሽቦ 63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ ያለበት ሲሆን፣ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። በብየዳ ጊዜ የሚታየው ጢስ በአብዛኛው ከማጣበቂያው ቅመም የሚወጣ ነው፤ ሳንባን ይቆጣል። እርሳሱ ደግሞ ዋና መንገዱ ከእጅ ወደ አፍ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ለሕፃናት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም፤ ከእርጉዝ እናትም ወደ ፅንሱ ይተላለፋል። ስለዚህ ሕፃኑ ከብየዳው ጠረጴዛ ይራቅ፤ በጠረጴዛው ላይ ምሳ አይበላ፣ ቡናም አይጠጣ። እጅ ሳይታጠቡ ጡት አይጥቡ፤ መስኮቱም ይከፈት። እርጉዝ ሴት እርሳስ አልባውን ሽቦ ብትጠቀም፣ ከተቻለም ብየዳውን ለሌላ ሰው ብትተው ይመረጣል። ያበጠ የላፕቶፕ ባትሪም በካቻቢቴ አይነካ፣ ወደ እሳት አይጣል፤ ይነድዳል።

የመጨረሻው ጉዳይ አደራ ነው። ኮምፒዩተሯን ለጥገና የምትሰጥ ሴት የቤቷን ጓዳ ከፍታ ሰጠች ማለት ነው። ፎቶግራፏ፣ ደብዳቤዋና የባንክ ወረቀቷ በውስጡ አለ። ያለ ፈቃድ የሰው መረጃ መበርበር በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ሲሆን፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰው የግል መረጃ እንዴት መያዝ እንዳለበት ይደነግጋል። ሴት ጠጋኝ እዚህ ላይ ብልጫ አላት ብለን እናምናለን፤ ብዙ እናቶችና ወጣት ሴቶች ፎቶግራፋቸው ያለበትን ዕቃ ለሴት ባለሙያ ቢሰጡ ይቀላቸዋል። ይህ እምነት ሱቁን ከሁሉ በላይ የሚያቆም ገበያ ነው፤ አንዴ ከጠፋ ደግሞ በሰፈር ውስጥ ወሬው ቶሎ ይዳረሳል።

ዕቃ ሰጪዋም የበኩሏን ትጠንቀቅ። ብልሽቱ የቻርጀር ወይም የስክሪን ከሆነ ጠጋኙ የይለፍ ቃል አያስፈልገውም፤ አትስጪ። የዕቃውን መለያ ቁጥር ጻፊ፤ የተለወጠውን አሮጌ መለዋወጫ መልሰሽ ጠይቂ። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ደጋግመሽ አታስነሺው፤ ወዲያው አጥፍተሽ ውሰጂው። ቡና ከፈሰሰበት ከመብራት ነቅለሽ፣ አጥፍተሽ፣ ከፍተሽ በአፉ ድፊው፤ ሩዝ ውስጥ መቅበር ብዙም አይረዳም፣ በጸጉር ማድረቂያ ማሞቅም ይጎዳዋል። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀይ፤ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ታገሺ። ኮምፒዩተሩን ከመስጠትሽ በፊት ቴሌግራም ክፍት ሆኖ እንዳይቀር በስልክሽ ላይ ሴቲንግ፣ ቀጥሎ ዲቫይስ የሚለውን ከፍተሽ ከላፕቶፑ ውጪ። ረስተሽው ዕቃው ሱቅ ከገባም አትጨነቂ፤ ይህንኑ ከቤትሽ ሆነሽ በስልክሽ ማድረግ ትችያለሽ።